እጣቢ ለጥጃዋ

የማድ ቤታችን መስኮት አንድ ብቻ ነበር፤ የቡታጋዙ ቱቦ የሚያልፈው በእሱ ሥር ነው። የዘረጋው ከእኛ በፊት በቤቱ ይኖር የነበረ ፈረንጅ ሐኪም ነው። ሲሊንደሩን ከደጅ፣ ከጣሪያው ክፈፍ ሥር በእንጨት ሳጥን አስቀምጦ፣ ግድግዳውን በስቶ፣ ቀጭን የመዳብ ቱቦ በመስኮቱ ሥር አሳልፎ ወዲያ ጥግ ካለው ምድጃ ጋር አገናኝቶታል። አገሩ ሲገባ ምድጃውንም ቱቦውንም ትቶት ሄደ። ያኔ በመካነ ሰላም ያለ ጭስ ወጥ የምትሠራ ሴት ከእኔ ሌላ መኖሯን እንጃ። እኔም ይህን ለሰው ማሳየት እወድ ነበር። እንግዳ ሲመጣ ሰበብ ፈልጌ ማድ ቤት አስገባዋለሁ፣ ክብሪት ጭሬ ሰማያዊውን እሳት አስነሳለሁ፤ ክርስቲያኑ ያማትባል፣ ሙስሊሙ ቢስሚላህ ይላል፣ እኔም ደስ ይለኛል።

የደሴ ልጅ ነኝ፣ የነጋዴ ልጅ። ባሌ የመንግሥት ሠራተኛ ነበር፤ ወደዚህ አገር ሲመደብ ተከትዬው መጣሁ። ዕድሜዬ ያኔ ገና ነበር፣ ምላሴ ግን ቀድሞ የበሰለ። ባሌ ደግሞ ዝምተኛ ነው። "አንቺ የምትናገሪው ለሁለታችንም ይበቃል" ይለኝ ነበር።

ዕቃ የሚታጠበው ደጅ፣ ከማድ ቤቱ ጀርባ ነው። ሠራተኛችን ቀኑ ሲከፋ "እናቴን ልይ" ብላ ወደ አገሯ ሄዳ ስለቀረች ማጠቡ የእኔ ሥራ ሆነ። ገበቴውን ድንጋይ ላይ አደርግና ጎንበስ ብዬ አጥባለሁ። የመካነ ሰላም ንፋስ የእርጥብ እጅ ጠላት ነው፤ ጣቶቼ ተሰነጣጥቀው ጨው ሲነካቸው ያስለቅሱኛል። ባሌን ማጠቢያ ገንዳ ይምጣልኝ፣ ውስጥ ሆኜ ልጠብ ብዬ የነዘነዝኩት በዚህ ነው። ለእሱ የነገርኩት ይህን ነው፣ ውሸትም አልነበረም። ያልነገርኩት ግን የአጥሩን ነገር ነው። አጥራችን ጭራሮ ነው፣ ከወዲያ የሚያልፈውን ሰው ያሳያል። በዚያ ዓመት ከአባይ ወገን፣ ከቆላው የሚወጣው ሰው መንገዱ በእኛ ጓሮ በኩል ነበር። ሳህን ሳጥብ ቆይቼ ቀና ስል ዓይን ለዓይን እንጋጠማለን። የሚታጠብ ሳህን ማለት የተበላበት ሳህን ማለት ነው። እነሱ ቆም ይሉና ያልፋሉ። እኔ እጄን ውሃው ውስጥ እንደነከርኩ እስኪያልፉ እጠብቃለሁ። ብርዱ የጠናብኝ በዚህም ጭምር ነው።

ቆላው ሁለት ክረምት ዝናብ ጠልቶት ከብቱ አልቆ ነበር፤ ሰዉ ልጁን አዝሎ ወደ ደጋ ይወጣል። ደጋውም ቢሆን ገብሱን ውርጭ መትቶት እንደ ድሮው አልነበረም። የከተማው ወፍጮ በፊት ከጠዋት እስከ ማታ ዱክ ዱክ ይል ነበር፤ ቆይቶ በገበያ ቀን ብቻ ሆነ፣ ከዚያ ጭራሽ ዝም አለ። ባሌ መሥሪያ ቤት ግን "ረሃብ" የሚባል ቃል አይነገርም። "የዝናብ መዛባት" ይሉታል። ማታ ሲገባ፣ "ዛሬ በጓሯችን ስንት የዝናብ መዛባት እንዳለፈ ብታይ" እለዋለሁ። አይስቅም። እኔም እንዲስቅ ብዬ አልነበረም።

ሴትዮዋ የመጣችው ከመስቀል በኋላ ነው። ከእኔ በዕድሜ ትልቅ፣ ረዘም ያለች፣ ነጠላዋን አጥብቃ የምታጣፋ የቆላ ሙስሊም። አንዲት ትንሽ ልጅና አንዲት ጥጃ ይዛ ወጥታ፣ ከተማው ዳር ዘመዷ በሰጣት ጎጆ ተጠግታለች። ባሏ ሥራ ፍለጋ ወደ ሰቲት እርሻ እንደወረደ ወሬው አልተሰማም። ጆሮው የተሸረፈ የሸክላ ቶፋ ይዛ ከአጥሩ ወዲያ ቆመችና፣

"እንዴት ዋሉ እመቤቴ፣ ኸይር ነው? እጣቢውን እንዳይደፉት፣ ለጥጃዬ ይስጡኝ" አለችኝ።

በእኛ አገር እጣቢ መጠየቅ ነውር የለውም። ወጥና ፍርፋሪ የነካው የዕቃ ማጠቢያ ውሃ እንደ እሳት ጎረቤት ለጎረቤት የሚሰጣጠው ነገር ነው፤ ላም ያላት ትወስደዋለች። እንጀራ የጠየቀ ለማኝ ነው። እጣቢ የጠየቀ ግን ከብት ያለው ሰው ነው። ጥጃዋንም በዓይኔ አይቻታለሁ፤ ቀይ፣ ግንባሯ ላይ ነጭ ጣል ያለባት፣ እግሯ የሚንቀጠቀጥ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እጣቢውን ለእሷ አስቀምጥ ነበር።

አንድ ልማድ ነበራት። ቶፋዋን ከመዘርጋቷ በፊት፣ "ዛሬ ሥጋ ነክቶታል እመቤቴ?" ትለኛለች። ነክቶታል ካልኳት፣ "እንግዲያስ ይቅር፣ ጥጃዋን ያማታል" ብላ ባዶዋን ትመለሳለች። ይህን ለባሌ እየሳቅሁ ነገርኩት። "ጥጃዋ ሆደ ባሻ ናት" አልኩት። ወሎ ውስጥ ክርስቲያን ያረደውን ሙስሊም እንደማይበላ ሕፃን ልጅ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ጥጃ ግን ማን አረደው ብላ እንደማትጠይቅ ያኔ ቆም ብዬ አላሰብኩም።

ገንዳው ከደሴ የመጣው ከፋሲካ በኋላ በጭነት መኪና ነው፣ በስኳር ጆንያ መሃል ተቀብሮ። ነጭ ቀለም የተቀባ ብረት ነው፣ አንድ ጥጉ ላይ ተላልጧል። ሳየው የልጅ መታጠቢያ መሰለኝ። ውሃ በቧንቧ የሚመጣ እንዳይመስላችሁ፤ ውሃ ቀጂዋ ከምንጭ አምጥታ በርሜል ትሞላለች፣ በርሜሉ ከፍ ያለ እንጨት ላይ ይቀመጣል፣ ታችኛው ወገቡ ላይ ቧንቧ ይገጠምለታል። ይህ ሁሉ ቀላል ነበር። አስቸጋሪው ገንዳው የት ይቀመጥ የሚለው ነው።

ባሌ የወፍጮውን መካኒክ ጠራው፤ ወፍጮው ዝም ካለ ወዲህ ሰውየው ሥራ ፈትቶ ይውል ነበር። ጉረኛ ነው። የጣሊያን ሞተር ያለ መጽሐፍ እንደሚፈታ ሳይናገር ሰላምታ እንኳ አይሰጥም። ማድ ቤቱን ዞር ዞር ብሎ አየና፣ "ቦታው እዚህ ነው" ብሎ መስኮቱን አሳየን። ከጀርባ መሬቱ የሚያዘቀዝቀው በዚያ በኩል ብቻ ነው፤ ፍሳሹ ወደ ጉድጓድ የሚሄደው ገንዳው ከመስኮቱ ሥር ከሆነ ነው።

"እዚያ ቱቦ አለ" አለ ባሌ።

"ቱቦውማ ይነሳል።"

"ገንዳው ወዲህ ይሁን፣ ቱቦው ባለበት ይቅር።"

"ጌታዬ፣ ውሃ ሽቅብ አይሄድም። ቡታጋዝ ግን በፈለጉበት ይሄዳል።"

ቱቦው በመስኮቱ ሥር መሆኑ ቀርቶ ግድግዳውን ሽቅብ ወጥቶ፣ በመስኮቱ አናት ዞሮ፣ ወደ ምድጃው እንዲወርድ ተወሰነ። ሲሊንደሩ ተዘጋ፣ የድሮው ቱቦ ተፈታ። ሲለካ ግን ለዙሪያው አልደረሰም። ሰውየው ራሱን አከከና ወጣ፤ ሲመለስ በእጁ የመዳብ ቱቦ ይዟል።

"ከየት አመጣኸው?" አልኩት።

"ከወፍጮው። የናፍጣው ማስተላለፊያ ነው።"

"ወፍጮውስ?"

"ወፍጮው ምን ይፈጫል? እህል ሲመጣ እመልሰዋለሁ።"

በዚህ ነገር ማፈር የነበረብኝ ያን ጊዜ ነው። አላፈርኩም። ቱቦው ይጽዳ ብቻ አልኩ። አንድ ከተማ ሙሉ ሰው እህል ያስፈጭበት የነበረው ወፍጮ ቱቦው ተቆርጦ የእኔን መስኮት ሲዞር ቆሜ፣ "ትንሽ ወደ ግራ፣ ቀጥ ይበል" እል ነበር።

መጋጠሚያዎቹን አጠበቀና ሳሙና በኩባያ በጠበጠ፤ አረፋውን በብሩሽ እያነሳ መጋጠሚያዎቹን ቀባ። አየር የሚያመልጥ ከሆነ አረፋው ይነፋል አለን። ሲሊንደሩን ከፈተ። ከመስኮቱ አናት ያለው አረፋ እንደ እንቁራሪት ጉሮሮ ተነፋ። ደግሞ አጠበቀው፣ ደግሞ ተነፋ። ሽታው ቤቱን ሞላውና ሦስታችንም ደጅ ወጥተን ንፋሱ ላይ ቆምን። እሱ ስለ ጣሊያን ሞተር አወራን። በኋላ ጎማ ጨምሮበት ያዘ። ወጡ ለሰሞኑ ናፍጣ ናፍጣ ይሸት ነበር።

በገንዳው ግን ደስ ብሎኛል፣ አልዋሽም። በሩን ዘግቼ፣ ውሃ አሙቄ፣ ደሴ የተገዛ ሳሙና በጥብጬ ማጠብ ጀመርኩ። እጄ ዳነ። መስኮቱን በመጋረጃ ከለልኩት፤ የማየውም የሚያየኝም የለም። ቡሹን ስነቅለው ውሃው ጎርጎር ብሎ ይወርዳል፣ ወዴት እንደሚሄድ አላይም።

ሴትዮዋ እንደ ልማዷ መጣች። ከደጅ ስትጠራኝ እጄን እያደረቅሁ ወጣሁ።

"ከእንግዲህ እጣቢ የለም" አልኳት፣ እንደ ምሥራች። "ገንዳ አስገብተናል። የፍሳሹ ቱቦ ይዞት ይሄዳል።"

"ቱቦው" አለች።

"አዎ። ሳሙናም አለበት፣ ለከብት አይሆንም።"

ቶፋውን ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረችው። "ይሁን እመቤቴ፣ አሏህ ያክብርልኝ። ጥጃዋም አድጋለች፣ ሳር መንጨት ጀምራለች" ብላኝ ሄደች።

ግንቦት ነበር። ሜዳው ላይ የሚነጭ ሳር ቀርቶ የሚረገጥም አልነበረም። ነገሩ ወደ ልቤ አልገባም፤ ተመልሼ ገባሁና በሩን ዘጋሁ።

ጥቂት ቀን ቆይቶ፣ አንድ ረፋድ ሳህኖቹን አጥቤ ቡሹን ስነቅል ከግድግዳው ወዲያ ኮሽታ ሰማሁ። ዶሮ ጉድጓድ የገባ መሰለኝ። ዞሬ ብወጣ የሴትዮዋ ልጅ ናት። ፍሳሹ ከግድግዳው በሚወጣበት ተንበርክካ ቶፋውን ከቱቦው አፍ ደቅናለች። አረፋው በቶፋው አፍ ገንፍሎ ይፈሳል። እሷ በመዳፏ እየገፈፈች ትጥላለች፣ ከሥሩ እጇን ሰዳ ፍርፋሪ ትፈልጋለች፣ ያገኘችውን በቀሚሷ ትጠርግና አፏ ታደርገዋለች። ስታየኝ አልሮጠችም። ትውጠው ወይስ ትትፋው ግራ ገብቷት ቀረች።

"ለጥጃዋ ነው?" አልኳት። ምን ነክቶኝ እንዲህ እንዳልኩ አላውቅም።

"የቱ ጥጃ?" አለች። ከዚያ ትዝ አላትና ፊቷ ተለወጠ። "ጥጃዋማ ሞታለች። ቆየች። ለእማ እንዳይነግሩብኝ።"

እዚያው ግድግዳውን ተደግፌ ቀረሁ። ሥጋ ነክቶታል ወይ የምትለኝ ትዝ አለኝ። ሆደ ባሻ ናት ብዬ የሳቅሁት ትዝ አለኝ። በጋውን ሙሉ "ጥጃሽ እንዴት ናት" እያልኩ የሰው ልጅን እጣቢ አጠጥቻለሁ፤ ይህም አንሶኝ እሱን ነጥቄ ሳሙና አጠጣሁ። ልጅቱን አፏን አጉመጠመጥኳትና ቂጣ ሰጠኋት፤ ቂጣውን እስከ መጨረሻው እያየሁ አስበላኋት።

ከዚያ እንጀራ ከሽሮ ጋር በሰፌድ አደረግሁ፣ ሸፈንኩ፣ ጎጆዋ ድረስ ይዤ ሄድኩ። እናትየው በሩ ላይ ተቀበለችኝ።

"ኸይር ነው እመቤቴ?"

"ትንሽ ነገር ነው። ለልጅቷ ብዬ።"

እኔን አላየችኝም፣ ልጅቷን ነው ያየችው። "ምን አለችዎ?"

"ምንም።"

ሽፋኑን ገለጥ አደረገችና ከደነችው። ሽታው እሷም ጋ፣ እኔም ጋ ደርሷል። "እኛ አልሃምዱሊላህ፣ ደህና ነን። በልተናል። መንገዱ ሙሉ የቸገረው አለ፣ ለእሱ ይስጡት" አለችና ሰፌዱን መለሰችልኝ። ስዞር ደግሞ በቀስታ፣ "ልጄን ልመና እንዳያስለምዱብኝ፣ እባክዎ" አለች።

ኩራት እራቱ የሚባል ሰው ሰምቼ ነበር፣ ያን ቀን አየሁ። ተናደድኩባት። ተመልሼ ማድ ቤት ተቀምጬ አለቀስኩ፣ እያለቀስኩም እናደዳለሁ። ለባሌ ስነግረው፣ "ላም አለኝ በሰማይ አለች አሉ፣ ይቺስ ጥጃዋን" አለ። ከዚያ፣ "ሠራተኛ አድርገሽ ቅጠሪያት" አለኝ። ለዚያም ላክሁባት። የባለ መሬት ሚስት ነኝ፣ ባሌ ሲመጣ የሰው ቤት ገረድ ሆና ቆየችህ ይሉታል ብላ መለሰች።

እንግዲህ የቀረኝ አንድ ነገር ነበር። የባሌን አሮጌ ሸሚዝ እጅጌ ቀደድኩ፣ ጠቀለልኩ፣ ያን ያህል የለመንኩትን የገንዳ ፍሳሽ በገዛ እጄ ወተፍኩት። ውሃው ሞልቶ ቆመ። ጎጆዋ ሄድኩ።

"ያ ቱቦ ተደፈነብኝ" አልኳት። "እጣቢውን የምደፋበት አጣሁ። ጥጃሽ ካልጠላችው ውሰጂልኝ፣ ውለታ ዋይልኝ።"

"ሳሙና አለው?"

"የለውም።"

"ሥጋስ?"

"ሥጋም አይነካውም። ከእንግዲህ ለብቻ ነው የማጥበው።"

ይህን ስላት ሁለታችንም መሬት መሬት አየን። ማወቄን አወቀች። "እንግዲያስ ጥጃዋን ልጠይቃት" አለች። በማግሥቱ ከአጥሩ ወዲያ ቆማ ነበር።

ባሌ የተበላሸ ነገር ማየት አይወድም፣ መካኒኩን ደግሞ ጠራብኝ። ሰውየው ከገንዳው ሥር ገብቶ ሲጎረጉር የእጅጌውን ጫፍ ከነቁልፉ ሳበው። አየው። ቀና ብሎ እኔን አየኝ። ከተማው ትንሽ ነው፣ ማን ምን እንደሚወስድ ከማን አጥር ሥር ሁሉም ያውቃል። ጨርቁን መልሶ ወደ ውስጥ ገፋው፣ ተነሳና እጁን ጠረገ።

"ጌታዬ፣ ይህ የቱቦው ጥፋት ነው። መሃሉ ላይ ጠቧል። ዕቃው ከደሴ ካልመጣ አይነካም። ክረምቱ ይውጣ" አለ። ቀጥሎም የጣሊያን ሞተር ወሬውን አመጣ፤ እኔ ያን ቀን እስከ መጨረሻው አዳመጥኩት።

ክረምቱን እንዲህ አሳለፍን። ጠዋት ትመጣለች። "ጥጃዋ እንዴት አደረች?" እላታለሁ። "አልሃምዱሊላህ፣ ትላንት ሮጠች" ትለኛለች። ወይም፣ "ሌሊቱን አስላት" ትለኛለች፤ ያን ቀን ማር ጠብ አደርግበታለሁ። አንድ ጊዜ ደስ ብሏት መጣችና፣ "የፊት ጥርሷ ወለቀ እኮ" አለችኝ። ከዚያ ያለችው ለራሷ ተሰማትና አፏን በነጠላዋ ጫፍ ያዘች። "አዲስ ይበቅልላታል" አልኳት። ልንስቅ ነበር፣ ግን አልሳቅንም።

ይህን ስናገር ደግ ሴት መስዬ ከሆነ አነጋገሬ ተበላሽቷል ማለት ነው። ጠዋት የማደርገውን ልንገራችሁ። የዕለቱን እንጀራ አወጣለሁ፣ ትኩስ ሽሮ፣ ሲገኝም ክክ። በእጄ ቆራርሼ ሳህን በለቀለቅሁበት ውሃ ውስጥ እጥለዋለሁ። ደረቅና ንጹሕ ከሆነ አትወስደውም፤ መቆሸሽ አለበት። ምግቡን እያበላሸሁ ነበር የማበላት። ሌላ መንገድ አልነበረም ስል ብዙ ኖሬአለሁ። ነበር። "እንግዳዬ ነሽ፣ ግቢና አብረን እንቅመስ" ማለት ነበር፤ እንግዳ ለማኝ አይደለም፣ ቤት ያለው ሰው ይጋበዛል። ይህ ግን እሷን ከሳሎኔ ማስቀመጥን ይጠይቃል፣ እጇን ማስታጠብን፣ ከአንድ መሶብ ዙሪያ ፊቷን እያየሁ መቁረስን። ከአጥር ወዲያ እጣቢ መስጠት ቀለለኝ። የእሷን ኩራት ጠበቅሁ እላለሁ፣ የጠበቅሁት የራሴንም ነው።

መስከረም ሲጠባ ቆላው ዘነበለት የሚል ወሬ መጣ። ሴትዮዋ ዘር ተበድራ ወረደች። ስትሰናበተኝ፣ "ጥጃዋ ለራሷ በቃች" አለችኝ። ልጅቱ ከኋላዋ ቆማ የወለቀ ጥርሷን ቦታ በምላሷ ትነካካ ነበር። አዲሱ እህል ሲደርስ መካኒኩ መፍቻውን ይዞ መጣ። "ወፍጮው ሊነሳ ነው፣ ቱቦዬን" አለኝ። ከመስኮቱ አናት ፈትቶ ወሰደው። ምድጃዬ ያለ እሳት ቀረ። በማግሥቱ ዱክ ዱክ ሲል ሰማሁት፤ እኔም እንደ ሰው ጉልቻ ጎልቼ እንጨት ማንደድ ጀመርኩ፣ ጭሱም አላስከፋኝም።

ከዚያ በኋላ የሆነው የሁሉም አገር ነው። ንጉሡ ወረዱ። በየካቲት መሬት ለአራሹ ታወጀ፣ ሬዲዮ ያለው ሬዲዮውን ደጅ አወጣ። በቀጣዩ ክረምት ባሌን ከሌሎች የመንግሥት ሰዎች ጋር ወሰዱት። "ሕዝብ ሲራብ ዝናብ ተዛባ እያላችሁ ጽፋችኋል" ተባሉ። ሐሰት ነው ብዬ ለመጮህ ፈልጌ ነበር፣ ሐሰት ግን አልነበረም። በኋላ ተፈቷል፣ ያኔ ግን ይፈታ ይሙት አላውቅም። ትልቁ ቤት ታሸገ፣ እኔን በማድ ቤቱ ተዉኝ። እርጉዝ ነበርኩ። በጥቅምት ከገንዳው አጠገብ መሬት ላይ ወለድኩ፣ ሴት ልጅ።

ሰማያዊ እሳቴን ያዩ እንግዶች ሁሉ በሌላ መንገድ ማለፍ ጀመሩ። አልፈርድባቸውም፣ ፈርተው ነው። የደሴ ዘመዶቼ መንገዱ ተዘግቶባቸዋል። ውሃ ቀጂዋ ብቻ አልፎ አልፎ ብቅ እያለች፣ "የሚቀመስ አለ?" ትለኛለች። "ሞልቷል" እላታለሁ። አንዲት ቁና ገብስ ነበረችኝ፣ እሷን እየቆላሁ እበላለሁ። ጡቴ እየነጠፈ ሄደ፣ ልጄ ስትጠባ ታለቅሳለች። የሰው ፊት እሳት ነው የሚሉት ተረት አይደለም፤ ከበሩ ወጥቼ አንድ ጎረቤት እንኳ ማንኳኳት አልቻልኩም። ያቺ ሴት ሰፌዴን የመለሰችበት እጅ ምን ያህል ከብዷት እንደነበር ያኔ ገባኝ።

ኅዳር ላይ፣ በገበያ ቀን፣ ከአጥሩ ወዲያ አንድ ሰው ጠራኝ። ጭራሮው ሳስቷል፣ ያቺ የቆላ ሴት ናት፣ ድሮ ትቆምበት በነበረው ቦታ። ነጠላዋ አዲስ ነው። አህያ ከነጭነቱ ከኋላዋ ቆሟል። በእጇ ያ ጆሮው የተሸረፈ ቶፋ አለ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ።

"እንዴት ሰነበትሽ እታለም" አለችኝ።

"ደህና። ደህና ነኝ።"

ስለ ባሌ አልጠየቀችኝም። የታሸገውን በር አላየችውም። ልጄ ከውስጥ ታለቅሳለች፣ እሱንም እንዳልሰማች ሆነች። ቶፋውን በአጥሩ ቀዳዳ አሳለፈችልኝ።

"ለጥጃሽ ነው" አለችኝ።

ጥጃ የለኝም ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ፊቷን ሳየው ተውኩት። "አድጋለች" አልኳት፣ "ግቢና እያት።"

"ገበያው ሳይፈታ ልድረስ። ቶፋውን በሌላ ገበያ እወስደዋለሁ፣ ኢንሻአላህ" ብላ አህያዋን ነዳች።

ጨርቁን ፈታሁት። የማሽላ ገንፎ ነው፣ ዘመዷ ቤት ገብታ ያገነፋችው መሆን አለበት፣ ገና ይሞቃል። መሃሉ ላይ ቅቤው ቀልጦ ቆሟል። አራስ የሚበላው ገንፎ ነው። ውሃ የለበትም። ፍርፋሪ አልተጣለበትም። ማንም አላበላሸውም፣ ንጹሕ ነበር። ቆሜ ከገንዳው አጠገብ በላሁት፣ በእጄ፣ እያለቀስኩ።

ከዚያ ቶፋውን ለመመለስ ላጥበው ውሃ ጨመርኩበት፣ አለቀለቅሁት። ውሃውን ወደ ገንዳው ልደፋ ስል እጄ እምቢ አለኝ። ጠጣሁት። ቅቤ ቅቤ ይል ነበር። የእኔ ምን ምን ይላት እንደነበር ግን፣ ከዚያ በኋላ ስንት ጊዜ ተገናኝተን አንድም ቀን ጠይቄያት አላውቅም።